አባቴን ያላደነዘዘው መርፌ

አባቴ ማደንዘዣ መርፌ የማይበግረው ብቸኛው የሰፈራችን ሰው መሆኑን ለክፍል ጓደኞቼ ያወራሁት ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከሰው የሰማሁት ወሬ አልነበረም፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። መርፌው ሲገባ አየሁ፤ መድኃኒቱ ተሟጦ ሲያልቅ አየሁ፤ አባቴ ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ተሸንፎ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጸጉሩን ለአባቴ ሲያስረክብ አየሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አባቴ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ደንበኞቹ «ምላጩ» ይሉታል፤ ግማሾቹ ስለ እጁ፣ ግማሾቹ ስለ ምላሱ። መቀሱ ሳይቆም የተጣላ ያስታርቃል፣ የኳስ ዳኛ ይሳደባል፣ ሚስቱ ለኮረፈችው ምክር ይሰጣል። ሰው አንገት ላይ ምላጭ አሳርፎ ሲቀልድ እንኳ የተቀመጠው ሰው ይስቃል እንጂ አይደነግጥም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥግ ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የወደቀ ጸጉር በጫማዬ ጫፍ እየሰበሰብኩ፣ ይህ ሰው የሚፈራው ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ብዙ ካሰብኩ በኋላ እንደሌለ ወሰንኩ።

አንድ ሰሞን ግን ምላጩ ዝም አለ። ግራ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊዘጋው ደረሰ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሲንጀር ስፌት መኪናዋ ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ስለነበር በመሀል ባለችው በር ትገባለች፣ ትወጣለች። እሷ በገባች ቁጥር አባቴ ቶሎ ብሎ ቀኝ ጎኑን ይሰጣታል፤ ስትወጣ ደግሞ ወደ ሥራው ይዞራል። የዘነጋው ነገር ቢኖር ጸጉር ቤት ውስጥ ፊት መደበቅ እንደማይቻል ነው። ከፊትም መስታወት፣ ከኋላም መስታወት። እናቴ እብጠቱን በአራቱም አቅጣጫ እያየች፣ ራሱ ይናገር እንደሆነ ብላ ታገሰችው።

ትዕግሥቷ ያለቀ ዕለት በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረች። እናቴ ስፒል ከአፏ ካወጣች ነገሩ የማይመለስ ነው። ዛሬውኑ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ አለችው። ደንበኛ ቀጥሬያለሁ አላት፤ ደንበኛው ነገ ይመጣል አለችው። ሕመሙ ለቆኛል አላት፤ ጉንጩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከአፉ የወጣው ድምፅ ራሱ በቂ መልስ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺም አብረሽው ሂጂ» አለችኝ። «ከወንበሩ እንዳይነሳ፣ አደራሽን። ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳትነቅዪ።»

አደራው ከባድ እንደሆነ ገባኝ። እናቴ ለሐኪሙ ፈርታለታለች ማለት ነው። ምክንያትም ነበራት፤ አባቴ ከዚያ በፊት እሱ ዘንድ በሄደ ማግሥት ሐኪሙ አውራ ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ከእኛ ሱቅ ማዶ ያለውን ጥግ ይዞ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ለጸጉር ቁርጥ እኛ ዘንድ ድርሽ ብሎ አያውቅም። አባቴ ያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አደገኛ ሰው ሆኖ ይነሣል፤ እኔ ደግሞ የሐኪሙ ዘበኛ ነኝ።

ዛሬ ጸጉር ቤቱ የእኔ ነው፤ ሐኪሙም ጡረታ ወጥቷል፤ በራሱ ላይ የቀረችውን ጥቂት ጸጉር የምቆርጥለት እኔ ነኝ። አውራ ጣቱ ላይ የቀረችውን ጠባሳ አሳይቶኛል። በአንድ እጁ አፉን ከፍቶ መርፌውን ሲያነሳ፣ ገና ሳያስጠጋው አባቴ ደንግጦ ነው የነከሰው፤ ነክሶም ወጥቶ ሮጠ። እናቴ እኔን የላከችኝ በልጁ ፊት አይሮጥም ብላ ነበር። በልቧ የተጨነቀችው ለሐኪሙ አልነበረም።

ክሊኒኩ የፊት ክፍልና የውስጥ ክፍል ነበረው። የፊቱ ክፍል ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ የጥርስ ሥዕል ተሰቅሏል። እኔን ያስገረመኝ ግን ከውስጥ የሚወጡት ሰዎች ሁኔታ ነው። ሲገቡ ደህና የነበሩት ሰዎች ሲወጡ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ፣ ምራቃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ የሚናገሩት አይገባም ነበር። ትከሻው በር የሚሞላ አንድ ጎረምሳ «ደህና ዋሉ» ሊል ሞክሮ አቅቶት እጁን አውለበለበና ወጣ። ውስጥ ያለው ነገር ግጥሚያ መሆኑን ያኔ ተረዳሁ። በአንድ ወገን መድኃኒቱ፣ በሌላው ወገን ሰውየው። እስካሁን ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቱን ያርገበግባል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ኳስ ተጫዋቾች ሜዳ ከመግባታቸው በፊት እንደሚያሟሙቁ አውቅ ስለነበር ደስ አለኝ። እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ «አይዞሽ» አለኝ። እኔ እንኳ ምንም አልሆንኩም ነበር።

ተራው ሲደርስ ከጎናችን ላሉት እናት «እርስዎ ይቅደሙ» አላቸው። ቀጥሎም ላንድ ሽማግሌ ለቀቀ። ወደ መጨረሻው ላይ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሰውዬ እንኳ «አንተ ቅደም» ብሎት ሰውየው የመፍቻ ሣጥኑን እንደያዘ ግራ ተጋብቶ ቆመ። አባቴ እንዲህ ሰው አክባሪ መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ረዳቷ፣ ድምፀ ጎርናና ግዙፍ ሴት፣ በሩን ከፍታ አየችውና «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የሚቀድም ሰው የለም» ብላ ክንዱን ይዛ አስገባችው። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ከሐኪሙ መጀመሪያ የታየኝ ጸጉሩ ነው። ጆሮው ላይ ወርዷል፣ ከኋላ ኮሌታውን ሸፍኗል፣ አንዱ ጎን ከሌላው አጥሯል። የጸጉር አስተካካይ ልጅ ነኝና አፈርኩለት። አባቴና እሱ ተቃቅፈው የማያውቁ ዘመዳሞች ይመስል ከሩቅ ሰላም ተባባሉ። ሐኪሙ ጓንት አጠለቀና በላዩ ሌላ ጓንት ደረበ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለች ረዳቷ ዕቃውን እየደረደረች።

እኔ የቆምኩት ከአባቴ እግር በኩል ነው። የመጀመሪያው መርፌ ገባ። ተጠበቀ። ሐኪሙ በቀጭን ብረት ጥርሱን ቀስ ብሎ ቢነካው አባቴ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተመለሰ። አልደነዘዘም። ሁለተኛው መርፌ በሌላ ጎን ገባ። ከንፈርህ ከበደህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከንፈሬ የራሴ ነው፣ ምንም አልሆነም አለ። ጥርሱ እንደገና ቢነካ በእግሩ ትሪውን መታና መሣሪያው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። እኔ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። ይህ ሰው ገና ሙሉ ኃይሉን እንኳ አልተጠቀመም።

ሐኪሙ የአባቴን የእጅ አንጓ ይዞ ሰዓቱን ተመለከተ። ከዚያ ለረዳቷ በዝግታ ነገራት።

«መድኃኒቱ ምንም አልሆነም። ሰውየው ነው። ልቡ እንዲህ እየደለቀ በርሜል ሙሉ ብወጋው ዋጋ የለውም።»

ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ሐኪም ያህል ሰው፣ የአባቴ ልብ ከበርሜል መድኃኒት እንደሚበልጥ በአንደበቱ መሰከረ።

ነገሩን ሐኪሙ አሁን አሁን፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሬ እየቆረጥኩት፣ ያስረዳኛል። የፈራ ሰው ሰውነቱ ይገተራል፣ የነኩትን ሁሉ እንደ ሕመም ይቀበላል፣ ይደነዝዛል የተባለው ቦታ ሁሉ ነቅቶ ይጠብቃል። ያመረቀዘ ጥርስ ደግሞ በራሱም መርፌ እምቢ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ይላል ሐኪሙ፣ ሐኪም ጸሎት ይጀምራል።

ያን ቀን ግን ሐኪሙ ጎማ ያላትን ትንሽ ወንበር ስቦ ከአባቴ ጆሮ አጠገብ ተቀመጠና እውነቱን ነገረው። እብጠቱ ወደ አንገቱ እየወረደ ነው። ዛሬ ጥርሱ ካልወጣ መዋጥና መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል፤ ያኔ ትልቁ ሆስፒታል ገብቶ አንገቱ ከውጭ መቀደዱ ነው። መድኃኒቱም ልክ አለው፤ ከዚህ በኋላ አንድ መርፌ ብቻ ይወጋዋል፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። አባቴ ጣሪያውን አየ። ከዚያ የሐኪሙን ኮሌታ ስቦ አንድ ነገር ሹክ አለው።

ምን እንዳለው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። «ልጄ እያየችኝ ነው። እንደ ሕፃን ስጮኽ ልታየኝ ነው። ሌላውን እችለዋለሁ።» ሐኪሙ ላስወጣት ወይ ቢለው፣ «ካስወጣሃትማ ፈርቶ አስወጣኝ ትላለች» ብሎ መለሰለት። እንግዲህ እኔ ከወንበሩ ግርጌ፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣ በእናቴ አደራ ተተክዬ፣ መርፌውን የማላሠራው እኔው ነበርኩ።

ከዚያ አባቴን የማረጋጋት ሥራ ተጀመረ። ረዳቷ በረጅሙ ተንፍስ አለችው፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ራሱን አዞረው። ደስ የሚል ቦታ አስብ አለችው፤ ከሱቄ ሌላ የማውቀው ቦታ የለም አላት። ሱቅህን አስብ ስትለው ዛሬ ዘግቼው መምጣቴ ትዝ አለኝ ብሎ ጭራሽ ተጨነቀ። ሬዲዮ ከፈተችለት፤ ኳስ እየተላለፈ ነበር፤ የእሱ ቡድን እየተመራ ነው። ሐኪሙ አንጓውን እንደያዘ በዓይኑ ዝጊው አላት። በመጨረሻ ረዳቷ እኔን አነሳችና አባቷን ታጽናና ብላ እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ «አውርጃት፣ አውርጃት» አለ። ጉልበት ጨምሬለት ነው አልኩ በልቤ።

ነገሩ የተለወጠው ሐኪሙ መብራቱን ሊያስተካክል ጎንበስ ሲል ነው። ጸጉሩ አባቴ ዓይን ላይ ተንጠለጠለ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያውን ማየት ተወ።

«ማን ነው እንዲህ ያበላሸህ?» አለው።

ሐኪሙ አፈረ። ከዚያች የጣት ነገር በኋላ ምላጭህ ሥር ለመቀመጥ ልቤ እምቢ አለኝ፣ ባለቤቴ ናት በወጥ ቤት መቀስ የቆረጠችኝ አለው። አባቴ በእጁ የሐኪሙን ጆሮ እጥፍ አድርጎ ከኋላው ያለውን አየ። ይሄ እርከን ነው እንጂ ቁርጥ አይደለም አለ። ከላይ ሳይቀነስ ከጎን አይነካም፤ ያንተ ጸጉር ደግሞ አናቱ ላይ አዙሪት አለው፤ አዙሪት ያለውን ሰው ከቀኝ የሚጀምር እሱ መቀስ መያዝ የለበትም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች ረዳቷ። ሐኪሙ ግን አልሰማትም። የአባቴን አንጓ እንደያዘ ሰዓቱ ላይ አፍጥጧል።

«ቀጥል» አለው። «ስለ አዙሪቱ ንገረኝ።»

አባቴ ስለ አዙሪት ሲያብራራ የመጨረሻው መርፌ ገባ። አንድ ጊዜ ቅንድቡን ከመሰብሰብ በቀር ወሬውን አላቋረጠም። መርፌው ሲወጣ ግን መቼ ነው የምትነቅለው ብሎ ጠየቀና ፊቱ መልሶ አመድ መሰለ። ያኔ ነው ሐኪሙ ዕብድ የሚያሰኘውን ነገር ያደረገው። ከአባቴ አንገት ላይ መሸፈኛውን ፈትቶ የራሱ አንገት ላይ አሰረ፣ አባቴን ተነሥ አለውና ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ቁረጠኝ» አለ።

ረዳቷ ሰው እየጠበቀ መሆኑን፣ ይህ ክሊኒክ መሆኑን፣ ጸጉር ከመሣሪያ ጋር እንደማይገናኝ ተናገረች። እሱ የጥርስ መንቀያውን ዕቃ ሸፍኚና የፋሻ መቀሱን ስጪው አላት። አባቴ መቀሱን ከፍ አድርጎ አየው፤ አልወደደውም፤ ተቀበለው። ማበጠሪያ ጠየቀ። ረዳቷ እያጉረመረመች የራሷን ከቦርሳዋ አወጣች። መቀሱ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሲጥላት የአባቴ ትከሻ ወረደ።

እኔ ደግሞ ከደስታ ብዛት መቆም አቃተኝ። በሰፈራችን ልጆች ሕግ የተሸነፈ ሰው አሸናፊው ያዘዘውን ይቀበላል። ሐኪሙ የመጨረሻ መርፌውን ተኩሶ ጨርሶ፣ እጁን ሰጥቶ፣ ራሱን ሊላጭ ተቀምጧል። ዓይኖቹን ጨፍኖ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ሲይዝ አየሁና አዘንኩለትም። በእርግጥ እየፈራ ነበር፤ ዛሬም ያምናል። ያን ያህል የወጋው፣ የነከሰውም ሰው፣ መቀስ ይዞ ከጀርባው ቆሟል።

አባቴ ወሬውን ከፈተው። ስለ ኳሱ ዳኛ አወራ፤ ስለ ቧንቧ ሠሪው አወራ፤ ሐኪሙንም ራስህን ቀና አድርግ፣ ጆሮህን አትንካ እያለ አዘዘው። በመሀል ቃላቱ መወፈር ጀመሩ። ከንፈሩ በግራ በኩል ወረደ። ምራቁ አገጩ ላይ ደረሰ፤ አላወቀውም። ሐኪሙ አንድ ዓይኑን ገልጦ በትንሿ የጥርስ መስታወት ከኋላው አየው። ከዚያ ተስፈንጥሮ ተነሣ፣ እጁን ታጠበ፣ ጓንት አጠለቀ፣ አባቴን በትከሻው ገፍቶ አስቀመጠው።

«ግራው ቀረ» አለ አባቴ በተንጋደደ አፉ። «ግራው ሳይነካ...»

አንድ ነገር የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ተሰማኝ። አባቴ ማበጠሪያውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ስለ ግራው ጎን ማስረዳቱን ሊቀጥል ሲሞክር ሐኪሙ ጥርሱን ዓይኑ ፊት ያዘለት። አባቴ የማን ነው በሚል ዓይን አየው። ከዚያ እንባው ዝርግፍ አለ። የተሸነፈው መድኃኒት በዓይኑ እየወጣ ነው ብዬ አሰብኩ። እፎይታ መሆኑን የሚያውቀው በዕድሜው የፈራ ሰው ብቻ ነው።

ሐኪሙን በግማሽ ጸጉር ትቶ መሄድ ግን አባቴ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ጥጥ ነክሶ፣ በአንድ እጁ ግድግዳ ተደግፎ፣ ግራውን አስተካከለለት። ውጭ ያሉት ተረኞች ሐኪሙ ተቆርጦ ሲወጣ አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ሽማግሌ ይህንንም ጀመራችሁ እንዴ ብለው ጠየቁ። ረዳቷ መጥረጊያ ይዛ የወደቀውን ጸጉር ትጠርግ ጀመር።

ወደ ጸጉር ቤቱ ስንመለስ ደንበኞች በራፉ ላይ ቆመው ሲጠብቁ አገኘናቸው። እናቴም በመሀል በሯ ወጣች። እኔ እስኪጠይቁኝ አልጠበቅሁም። አባቴ መድኃኒቱን ሁሉ እንዳሸነፈው፣ ሐኪሙ ልቡ ከበርሜል ይበልጣል እንዳለ፣ እጅ ሰጥቶ ራሱን እንደተላጨ፣ አንዴም እንዳልፈራ ተረክሁ። ሰዎቹ በአድናቆት ወደ አባቴ ዞሩ። ምላጩ እንዲህ ያለ ምስክር በቀላሉ የሚያገኝ ሰው አልነበረም። ዝም ቢል ሁሉም የእሱ ነበር።

ጥጡን ከአፉ አወጣ። አንድ ጎኑ ብቻ በሚሠራ ከንፈር፣ እኔን እያየ ተናገረ።

«ልጄ ተሳስታለች። መርፌው እምቢ ያለኝ ስለፈራሁ ነው። በጣም ነው የፈራሁት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ደንበኛ ጭኑን እየመታ ምላጩ ጥርሱ ቢወልቅ ቀልዱ አልወለቀም አለ። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ፤ ሆዴን ይዤ፣ ዱካዬ ላይ ተጠቅልዬ። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ነበረች። መሐረቧን አውጥታ፣ ደንዝዞ የማይሰማውን አገጩን ጠረገችለት።

ይህን ሁሉ ከሐኪሙ አፍ አንድ በአንድ ሰምቼ ስጨርስ፣ እንግዲህ ባለፉት ዓመታት ሁሉ የተታለልኩ መስሎኝ፣ ለአባቴ ልነግረው ሄድኩ። ዕድሜው ገፍቷል፤ ጥርሶቹ አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ምላሱ ግን ያው ነው። ለምን ያኔ አልነገርከኝም አልኩት። ገረመው።

«ነግሬሽማ ነበር» አለኝ። «በሰው ፊት ነገርኩሽ። ስቀሽ ስቀሽ፣ መልሰሽ ቀና ብለሽ እንደ ድሮሽ አየሽኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺን ፈርቼ አላውቅም። መርፌውን ግን ዛሬም ነፍሴ አይወደውም።»